ሰደቃችን ዳጉ ይጠየቅበት



«ለአላህ ብለህ ከሰጠህ ሥራህ አልቋል፤ የት ገባ ብሎ መጠየቅ የሰይጣን ጉትጎታ ነው።» ይህን አባባል ያልሰማ ጀመዓ የለም። ከጁሙዓ በኋላ ሳጥኑ በሰፍ መሐል ሲዞር ይባላል፤ በረመዳን የመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች ይባላል፤ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ማይክራፎን ይዞ ሲለምንም ይባላል። በአዋሽ ሰባት ኪሎ ይባላል፣ በሰመራና በሎጊያም ይባላል። እኛ ልጆቻችሁን ቁርኣን የምናስቀራ የመድረሳ አስተማሪዎች ነን። ይህን አባባል ከእንግዲህ በዝምታ አናልፈውም። ዲን አይደለም። ሒሳብ ማቅረብ የከበደው ሰው የተጠለለበት ጥላ ነው።

ከራሱ ከዲኑ እንነሳ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከአዝድ ጎሳ የሆነ ኢብኑ ሉትቢያ የሚባል ሰው የበኒ ሱለይምን ዘካ እንዲሰበስብ ልከውት ነበር። ሲመለስ ያመጣውን ለሁለት ከፍሎ፣ ይህ የእናንተ ነው፣ ይሄኛው ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ረሱል ሚንበር ላይ ወጥተው በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ፤ ሰውየው በአባቱና በእናቱ ቤት ቁጭ ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር ጠየቁ። በዘገባው ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንዘለው አንድ ነገር አለ፦ ሰውየው ሲመለስ ረሱል ተሳስበውታል። ሒሳብ ተቀምጠው ቆጥረዋል። ሰሓባን ያሳሰበ ጥያቄ ወደ እኛ ሳጥን ያዥ ሲዞር ነው «ፊትና» የሚሆነው?

ይህ ልሳን ከየት እንደመጣ የምታውቁ ደግሞ ሌላም ነገር ታስታውሳላችሁ። በጥር 2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ግቢ የተነሳው ድምፅ ሦስት ጥያቄዎች ነበሩት። የአሕባሽ አስተሳሰብ በግድ አይጫንብን፤ የመጅሊሱ አመራር ሕዝቡ በመረጣቸው ሰዎች ይተካ፤ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። ሁለቱን ሁሉም ሰው ያነሳቸዋል። ሦስተኛው ግን ስለ ምን ነበር? በሙስሊሞች እርዳታ የቆመ ተቋም፣ ድሃ የሚማርበትና የቲም የሚረዳበት ቤት፣ የሚመሩት ሰዎች ለኡማው ተጠያቂ ይሁኑ ማለት ነበር። ስለ ሰደቃ ገንዘብ አያያዝ የቀረበ ጥያቄ ነበር። ለእነዚያ ጥያቄዎች የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት በሐምሌ 2004 ታሰሩ፤ በሐምሌ 2007 እስከ 22 ዓመት እስር ተፈረደባቸው። ስንቱ ወጣት ተደበደበ፣ ስንቱ ከትምህርቱ ተፈናቀለ። ያን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ጥያቄ የራሳችን መስጂድ በር ላይ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ውጭ ይቀራል ወይ? ከመንግሥትና ከመጅሊስ የጠየቅነውን ተጠያቂነት ከራሳችን ኮሚቴ ካልጠየቅን ያኔ የጮህነው ለምን ነበር?

መጠየቅን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የአፋር አርብቶ አደር መንገድ ላይ ሌላ ሰው ሲያገኝ ሰላም ብሎ ብቻ አያልፍም። ቁጭ ይላሉ፤ ዳጉ ይጠያየቃሉ። ዝናብ የት ጣለ? ግጦሹ ምን ይመስላል? የትኛው ኩሬ ደረቀ? የግመል በሽታው ወዴት እየሄደ ነው? ማን ሞተ? አገሩ ውስጥ የገባ እንግዳ ሰው አለ? ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፦ በዓይንህ አይተኸዋል ወይስ ከሰው ሰምተህ ነው? ከሰው ከሆነስ ከማን? በዳጉ የዋሸ ሰው ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ በጎሳው ፊት ይጠየቃል፣ ቃሉም ከዚያ ወዲያ አይታመንም። ምክንያቱም ሐሰተኛ ዳጉ አምኖ መንጋውን ወደ ደረቅ መሬት የነዳ ሰው ከብቱ ያልቅበታል። እንግዲህ ዐሥር ፍየል ወዴት እንደምትነዳ ሳይጠይቅ የማይነሳ ሕዝብ፣ የዓመት ዘካውን በሳጥን ቀዳዳ ጨምሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የጅቡቲ መስመር ሹፌሩ የመኪናውን ጎማ ሲገዛ ሦስት ሱቅ ያማርጣል፣ ባለ ሱቁም አንድ ኩንታል ስኳር ሲረከብ ሚዛን ያያል። ለአላህ የሚሰጡት ብር ሲሆን ብቻ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

የርዕደ መሬቱን ጊዜ እናስታውስ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ በረታ፤ የካቲት 7 ቀን መጠኑ 6 የደረሰ ነውጥ ተለካ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ቤት ፈረሰ፣ መሬት ተሰነጠቀ፣ በዶፈን አካባቢ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ፈነዳ። በአደጋው ቀጠና ወደ 80 ሺህ ሰው እንደሚኖር መንግሥት ተናገረ፤ ብዙው ከቀዬው ወጣ። አል-ሐምዱ ሊላህ፣ ሙስሊሙ ክርስቲያኑ ሳይባል ከየአገሩ እርዳታ መጣ። ይህን ደግነት አናንኳስስም። ግን ያየነውን እንናገር። መኪናዎቹ የቆሙት አስፋልት ዳር ነው። አስፋልት አጠገብ የሰፈረው ሰው ከሦስት ቡድን ሲቀበል፣ ግመሉን ይዞ ወደ ውስጥ የሸሸው ሰው ማንም አልደረሰበትም። ፓስታና ማካሮኒ ተራገፈ፤ መቀቀያ ድስት፣ ማገዶና ውሃ ግን አብሮ አልመጣም። ባነር ተዘረጋ፣ ፎቶ ተነሳ፣ መኪናው ከመግሪብ በፊት ተመለሰ። ሰጪው አዲስ አበባ ወይም ጅዳ ሆኖ ፎቶውን አይቶ ደስ አለው። ምን ቀረ? ማን ቀረ? ብሎ የጠየቀ ስንት ነው?

ይህ የአስፋልት ነገር ትንሽ ነገር አይደለም። ክልላችንን በካርታ ላይ ብታዩት ከአዋሽ ተነስቶ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያና በሰመራ አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ አንድ ትልቅ መስመር አለ። እርዳታ የሚፈሰው በዚያ መስመር ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ የአፍዴራን መንደሮችና ግጦሽ ሲሸፍን፣ የዓለም ሚዲያ ያወራው አመዱ ዐረብ አገርና ሕንድ ደርሶ አውሮፕላን ስለማስተጓጎሉ ነበር። አመድ የበላው ሣር ላይ ፍየሏን የቆመባት እናት ከአስፋልቱ ስንት ሰዓት እንደምትርቅ የሚያውቅ ሰጪ፣ መኪናውን የት እንደሚልክ ያውቃል። የማያውቀው ግን ሦስተኛውን ኩንታል እዚያው አስፋልት ዳር ያራግፋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሰጣችሁ?» አይደለም፤ «የት ደረሰ?» ነው። ቀጥሎ «ማን መረጣቸው?» ይመጣል። ዝርዝሩን ያወጣው የቀበሌ ሹም ብቻ ነው ወይስ የጎሳ ሽማግሌዎችና የአካባቢው ሴቶች ተቀምጠውበታል? ሴቶቹን በአጋጣሚ አላነሳንም። አላህ (ሱ.ወ.) በበቀራ ምዕራፍ፣ በማያውቃቸው ሰው ዘንድ ሀብታም የሚመስሉ፣ ሰውን ችክ ብለው የማይለምኑ ችግረኞች እንዳሉ ነግሮናል። የማትለምነዋን ቤት ማን ያውቃታል? ጎረቤቷ። ድስቷ ስንት ቀን እሳት ላይ እንዳልተጣደ የምታውቀው ሌላዋ ሴት ናት። ሳጥን የሚቆጥረው ኮሚቴ ግን ሁሉም ወንድ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች ሲከራከሩን አንድ ሐዲስ ያመጣሉ። በሌሊት ወጥቶ ሰደቃ የሰጠ ሰው፣ አንዴ ለሌባ፣ አንዴ ለዝሙተኛ፣ አንዴ ለሀብታም ሰጥቶ ተገኘ፤ ሰደቃውም ተቀባይነት አገኘ። ሐዲሱ ትክክለኛ ነው፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ከዚህ የሚያወጡት ትምህርት ግን ጠማማ ነው። ያ ሰው በራሱ እጅ፣ በራሱ ገንዘብ፣ በጨለማ ሰጥቶ ያላወቀው ነገር ገጠመው፤ አላህም ኒያውን አየለት። ለሰጪው የመጣ ማጽናኛ ነው። የሰው አማና ተቀብሎ እንዳሻው የሚያደርግ ወኪል ግን በዚህ ሐዲስ ውስጥ የት አለ? የአንተ ኒያ ተቀባይነት ማግኘቱ የእሱን ሒሳብ አይሰርዝለትም።

ጉዳዩ ዘካ ሲሆን ደግሞ ይጠነክራል። ሰደቃ ሰፊ በር አለው፤ ዘካ ግን በተውባ ምዕራፍ 60ኛው አንቀጽ ስምንት በር ብቻ ተቆጥሮለታል። ፈቂርና ሚስኪን፣ በዘካው ላይ የሚሠሩ፣ ልባቸው የሚለማመድ፣ ባርነት ላይ ያሉ፣ ባለ ዕዳዎች፣ በአላህ መንገድ ያሉ፣ መንገደኛ። በአገራችን ብዙዎቻችን የምንከተለው የሻፊዒያ መዝሀብ ፉቀሃዎች፣ ሰው በራሱ እጅ ዘካውን ድሃ መስሎት ለሀብታም ሰጥቶ ከተገኘ ግዴታው አልወረደለትም፣ እንደገና ያውጣ ይላሉ። እንግዲህ «ዘካህን አምጣ» ብሎ ተቀብሎ የመስጂድ ሚናራ የሚቀባበት ኮሚቴ ሰዎቹን ምን ላይ እንደጣላቸው ያውቃል? ሚናራ መቀባት መልካም ነው፤ በሰደቃ ይቀባ። የቀደሙት ዑለማኦች አብዛኞቹ ዘካ ለመስጂድ ግንባታ አይውልም ብለዋል፤ በዘመናችን የተለየ ፈትዋ የሰጡ አሉ። ሰጪው የየትኛውን እንደሚከተል ራሱ እንዲወስን ግን ቢያንስ ሳጥኑ ሁለት ይሁን፤ አንዱ የዘካ፣ አንዱ የሰደቃ። ዛሬ ሁሉም በአንድ ቀዳዳ ይገባል።

መጠኑንም ቢሆን ብዙ ሰው በግምት ነው የሚያወጣው። ጥሬ ገንዘብ ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ደርሶ አንድ የጨረቃ ዓመት ከሞላው ከ100 ሺህ ብር 2,500 ብር ይወጣል። አንዳንድ ዑለማኦች ለድሃው ይጠቅማል ብለው በ595 ግራም ብር ዋጋ ያሰሉታል፤ ሸይኻችሁን ጠይቁ። በግጦሽ የሚያድር ከብት ያላችሁ ደግሞ ከ5 ግመል አንድ በግ ወይም ፍየል፣ ከ30 ላም አንድ ጥጃ፣ ከ40 ፍየል አንድ ፍየል ታወጣላችሁ። ቀሪውን ዝርዝር መድረሳ ድረስ መጥታችሁ ብትጠይቁን ደስ ይለናል። አርብቶ አደሩ ከግመሉ ያወጣው ዘካ ከተማ ገብቶ ወደ ብር ተለውጦ ወደ ሌላ አገር ሲላክ አይተናል። ረሱል ሙዓዝን ወደ የመን ሲልኩት ዘካው ከሀብታሞቻቸው ተወስዶ ወደ ድሆቻቸው እንዲመለስ ነበር ያዘዙት፤ በመዝሀባችንም የታወቀው አቋም ተቀባይ ባለበት አገር ዘካን ወደ ሌላ አገር አለማውጣት ነው። ገዋኔ ላይ ችግረኛ ሳለ የገዋኔ ዘካ ለምን መኪና ይሳፈራል?

አሁን ወደ ሌላው ጽንፍ እንምጣ፤ መጠየቅ ሲባል የተሳሳተውን የሚጠይቁ አሉና። «ከ100 ብር ስንቱ ለሥራ ማስኬጃ ይሄዳል?» ብለው እሱን ብቻ የሚያዩ ሰጪዎች አሉ። «100 ብር ከሰጣችሁን 100ውም ድሃው ጋ ይደርሳል» የሚል ማስታወቂያ ሲሰሙ ልባቸው ይቀልጣል። ወንድሞች፣ ነዳጁን ማን ሞላው? ቦቴው በምን ሄደ? ዝርዝሩን ያጣራው ሰው ምን በልቶ ዋለ? ወይ ሌላ ሰው ከፍሎታል፣ ወይ እየዋሹ ነው፣ ወይ ደግሞ ሥራው አልተሠራም። አላህ (ሱ.ወ.) ራሱ ከስምንቱ በሮች አንዱን በዘካው ላይ ለሚሠሩት ሰጥቷል። ሠራተኛ መክፈል ነውር አይደለም፤ የማይነገር ክፍያ ነው ነውሩ። (እኛም የምንበላው ከዚሁ ሳጥን ነው፤ የመድረሳ አስተማሪ ወርሃዊ ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። የእኛም ክፍያ ከነቁጥሩ ይለጠፍ። አናፍርበትም፤ ቁጥሩን ስታዩት ምናልባት እናንተ ታፍሩበት ይሆናል።)

ይህ ጉዳይ በአገራችን ሕግም ተፈትኗል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 ድርጅቶች ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳያወጡ ገደበ፤ በአፈጻጸም መመሪያው ግን ትራንስፖርትና ክትትል ሁሉ አስተዳደር ተብሎ ተቆጠረ። ውጤቱን ገምቱት፤ ከአስፋልት ርቆ የሚሠራ ሰው ነዳጁ ወንጀል ሆነበት፣ ከተማ ዳር የሚያድለው ግን ንጹሕ መሰለ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ገደቡን 20 በመቶ አድርጎ የአስተዳደር ወጪ የሚባለውን አጠበበው። ዛሬ የተመዘገበ ድርጅት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ አለበት። ስለዚህ በድርጅት ስም ለሚለምናችሁ ሰው «የምዝገባ ምስክር ወረቀታችሁን፣ የባለፈው ዓመት ኦዲታችሁን አሳዩን» ማለት መብታችሁ ነው። መስጂድ ግን የሃይማኖት ተቋም ስለሆነ በዚህ አዋጅ አይገዛም። ከውጭ መጥቶ ሳጥናችንን የሚቆጥር መርማሪ የለም ማለት ነው። ይህ እፎይ የሚያሰኝ አይደለም፤ የሚቆጥረው እኛው ብቻ ነን ማለት ነው።

የውሃ ጉድጓድ ነገር ደግሞ ለብቻው ይነገር፤ በክልላችን ትልቁ ሰደቃ እሱ ነውና። ለሞተች እናቱ ሰደቀቱን ጃሪያ የሚያስቆፍር ወንድም ኒያው ያማረ ነው። ግን የስምጥ ሸለቆ ከርሰ ምድር እንደ ሌላው አገር አይደለም። ብዙ ቦታ ውሃው ሙቅ ነው፤ ብዙ ቦታ ጨዋማ ነው፤ ፍሎራይዱ የበዛበትም አለ። የልጆቻችሁን የበለዘ ጥርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ከጥርስ አልፎ አጥንትም ይጎዳል። ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ውሃው ላብራቶሪ ገብቷል? ፓምፑ ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? የናፍጣውን ወይም የሶላሩን ነገር ማን ይይዘዋል? ጠባቂው ይከፈለዋል? ለጉድጓድ ምረቃ የሚሰጥ ሰው ሞልቷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለተቃጠለ ሞተር የሚሰጥ ግን የለም። ስም የሚጻፍበት ድንጋይ የለውማ። እናትህ የሰደቃዋ ምንዳ እንዲፈስላት ከፈለግህ፣ አንድ የቆመ ፓምፕ ማስጠገን አዲስ ከማስቆፈር ያነሰ ገንዘብ ይፈጃል፤ ውሃውም እዚያው ሰው ካለበት ነው።

እንዲህ ማወዳደር የፈረንጅ ነገር ይመስላቸዋል። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ጊቭዌል የሚባል ተቋም በሁለት ወጣቶች ተመሥርቷል፤ ሥራውም ለዚህ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ ስንት ሰው አዳነ ብሎ ድርጅቶችን መመርመር ነው። መነሻቸው ቀላል ነበር፤ የት ብንሰጥ ይሻላል ብለው ድርጅቶችን ሲጠይቁ በቂ መልስ አጡ። የእኛ አርብቶ አደር ግን ከነሱ በፊት ያውቀዋል፤ ከድርቅ በፊት የትኛዋን ላም እንደሚሸጥና የትኛዋን እንደሚያተርፍ ሲወስን ያወዳድራል። ውሳኔው በእንባ ሳይሆን በዕውቀት ነው።

እንባ ስንል፣ ቲክቶክ ላይ የሚፈሰውን እናንሳ። የታመመ ልጅ ፎቶ፣ የሚያለቅስ ድምፅ፣ ከሥሩ የቴሌብር ቁጥር። ቁጥሩ የማን ነው? የግለሰብ። ልጁ የት ሆስፒታል ተኝቷል? አይነገርም። ስንት ተሰብስቦ ስንት ቀረ? አይነገርም። እውነተኛ የሆኑት ብዙ ናቸው፤ የሚጎዱትም እነሱ ናቸው፣ ሐሰተኛው ሲጋለጥ ሰው ከሁሉም እጁን ይሰበስባል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሆስፒታሉ ደውሎ ማረጋገጥ፣ የሚቻል ከሆነ ለሆስፒታሉ በቀጥታ መክፈል፣ በከተማው የምታውቁትን አንድ ሰው ልኮ ማሳየት። በጎፈንድሚ የሚሰበሰበውም ቢሆን ኢትዮጵያ ያለ አካውንት ላይ አይከፈልም፤ ውጭ አገር ባለ ሰው ስም ገብቶ ነው የሚመጣው። ያ ሰው ማን ነው? እንዴት አድርጎ አስገባው? በዳጉ ቋንቋ፦ በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰማኸው?

ልጆቻችንንም ተዉልን። መድረሳ ውስጥ ልጆች ተሰልፈው የሰጪውን ስም የተጻፈበት ወረቀት ደረታቸው ላይ ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። ከመካከላቸው አንዱ በኋላ መጥቶ «ኡስታዝ፣ ፎቶውን ክፍላችን ያሉት ልጆች ያዩታል?» ይለናል። አላህ (ሱ.ወ.) በመመጻደቅና በማስከፋት ሰደቃችሁን አታበላሹ ብሎ የከለከለው ለዚህ ነው። ሒሳብ አሳዩን ስንል የድሃውን ፊት አሳዩን ማለታችን አይደለም። ደረሰኝ፣ ዝርዝር በቁጥር፣ የሽማግሌዎች ፊርማ ይበቃል። ማስረጃ ፈልጎ የልጅ ፊት የሚጠይቅ ሰጪ፣ ምንም ሳይጠይቅ ከሚሰጠው አይሻልም።

«ገመናችንን አታውጡ፣ ጠላት ይስቅብናል» የሚሉን አባቶች አሉ። እናከብራቸዋለን። ግን ገንዘባቸው ከውጭ ነው፣ ለሌላ ዓላማ ነው እየተባለ ሲወራብን በኖርንባቸው ዓመታት የጠቀመን ምን ነበር? የተደበቀ መዝገብ ወይስ የተገለጠ? ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሒሳብ ያለው መስጂድ ማንም መጥቶ ቢጠይቀው ጣቱን ወደ ግድግዳው ይቀስራል።

ሒሳብ ሲጠፋ ማን እንደሚቀጣ ደግሞ በቅርቡ አይተናል። ሰኔ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤይድ የእርዳታ እህል በሰፊው ለሌላ እየዋለ መሆኑን ደረስኩበት ብሎ በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታውን አቆመ፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራምም አቆመ። ለወራት ቆየ። እንደገና የተጀመረው በ2016 ነው። እህሉን የሸጡት ሰዎች አልተራቡም። የተራበው በረድፍ ተቀምጦ ይጠብቅ የነበረው ነው። በ2017 ማብቂያ ደግሞ ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ። ከውጭ ይመጣ የነበረው ሲቀንስ የእኛ 50 እና 100 ብር ክብደት ጨመረ። ቀድሞ እዚህም እዚያም ቢባክን ከላይ የሚሞላው ነበር። አሁን የአዋሽ ባለ ሱቅ የሰጠው 500 ብር አቅጣጫውን ከሳተ በምትኩ የሚመጣ የለም፤ አንድ ቤት ለአንድ ሳምንት ሳይበላ ያድራል።

ረመዳን ሲቃረብ የምንጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፤ ለኮሚቴዎቹም እንናገራለን። ከሳጥኑ የወጣው ገንዘብ በየጁሙዓው በሦስት ሰው ፊት ይቆጠር፤ ከሦስቱ አንዷ ከሴቶች ሰፍ የተመረጠች እህት ትሁን። የመስጂዱ ገንዘብ በግለሰብ ስልክ ሳይሆን በመስጂዱ ስም በተከፈተ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ፈርሞ በሚያወጣው የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። ዘካና ሰደቃ ይለያዩ። በየወሩ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው በአንድ ወረቀት ተጽፎ በጫማ ማስቀመጫው በኩል ይለጠፍ፤ የማያነቡ እናቶችና አባቶች ስላሉ ከሶላት በኋላ በአማርኛም በአፋርኛም ይነበብ። ዘካተል ፊጥር ሰብስበው ወደ ሩቅ የሚልኩ ሰዎች ከዒድ ሶላት በፊት እንደሚደርስ ካላረጋገጡ እዚሁ ይደርስ፤ ከሶላት በኋላ የሚደርስ እህል ፊጥር አይደለም። ከውጭ ለሚመጣ ለማኝ ማይክራፎን ከመሰጠቱ በፊት ወረቀቱ ይታይ፣ በመጣበት አገር የሚያውቀው ሰው በስልክ ይጠየቅ።

ወረቀቱ ያልተለጠፈበት መስጂድ ያላችሁ ጀመዓዎች ኢማሙንና ኮሚቴውን በአደብ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ጠይቁ። ጩኸት አያስፈልግም። ሁለት ወር ጠይቃችሁ መልስ ካላገኛችሁ ዘካችሁ በእጃችሁ ነው፤ ባለ ገንዘብ ራሱ ለተገቢው ሰው ማድረስ ይፈቀድለታል። በአዋሽ ሰባት ኪሎ የማይለምኑ ቤቶችን ዝርዝር የሚያሰናዱ እህቶች ከመጪው ጁሙዓ ጀምሮ ከዐስር ሶላት በኋላ በመድረሳችን ይቀመጣሉ። በሰመራና በሎጊያም ተመሳሳይ ሥራ የሚጀምሩ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ጎረቤታችሁን የምታውቁ መጥታችሁ ስሟን ሳይሆን ቤቷን ንገሩን፤ ስም በሌለበት ዝርዝር፣ በቁጥር ይያዛል።